ስም ጥለፉበት!

ዛሬ ስለ ልብስ ነው የማወራው። ልብስ ሲባል ወንዶቹ ገጹን ገልብጣችሁ ወደ ስፖርቱ እንዳትሄዱብኝ አደራ። ለእናንተም የሚሆን አለበት። ከታገሣችሁኝማ ኳስም አለበት።

ነጠላ አፍ የለውም፣ ግን ይናገራል። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ በትከሻና በአንገት ዙሪያ ከዋለ፣ ያቺ ሴት ሐዘን ላይ ናት። "ምን ሆንሽ?" ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሚያውቅ አይቶ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይላል። ለቤተ ክርስቲያን ሌላ አለባበስ አለ፣ ለሠርግም ሌላ። ወገብ ላይ ከታሰረ ደግሞ ሥራ ተጀምሯል ማለት ነው። እንግዲህ የኛ ሴቶች በጨርቅ መናገር የጀመሩት ዛሬ አይደለም።

ችግሩ ጨርቅ የሚናገረው ቋንቋውን ለሚያውቅ ብቻ መሆኑ ነው። ሮተርዳም ትራም ውስጥ ጥለቷን ወደ ላይ አድርጋ የተቀመጠችን እናት ያየ ሆላንዳዊ "በርዷት ነው" ብሎ ያልፋል። እሱስ ይሁን፣ አይፈረድበትም። የራሷ የልጅ ልጅም እንደዚያው ማለት ስትጀምር ግን ነገሩ ያሳስባል። የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው።

መጀመሪያ አንድ ጋቢ ምን እንደሆነ እናስታውስ። ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ የሴት እጅ ሥራ ነው፤ አብዛኛውም የሚሠራው የቀኑ ሥራ ካለቀ በኋላ በማታ ነው። ፈትሉ ሲደርስ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያሉትን የጋሞና የዶርዜ ሸማኔዎች የማያውቅ የለም። ነጠላ ስሙ እንደሚለው ነጠላ ነው፣ ኩታ ድርብ ነው፣ ጋቢ ግን አራት እጥፍ ነው። ልጇ በሱዳን በረሃ አቋርጦ ሆላንድ መግባቱን የሰማች እናት በሰው ሻንጣ ጋቢ ስትልክ፣ የላከችው ብርድ መከላከያ ብቻ አይደለም። ስንት ማታ እንደቆጠረች የሚያውቀው እንዝርቷ ነው።

የጥልፉም ነገር እንዲሁ ነው። በኛ ጊዜ ትምህርት ቤት "የእጅ ሥራ" የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበር። አቡጀዲ ተገዝቶ፣ በእርሳስ አበባና ወፍ ተሥሎበት፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ይጠለፍ ነበር። "መልካም እንቅልፍ" የሚል ያልተጠለፈበት የትራስ ልብስ የነበረበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ለሬዲዮኑ ዳንቴል፣ ለሶፋው ዳንቴል፣ ለጠረጴዛው ዳንቴል። እንስቅበት ነበር። ነገር ግን ማስታወሻ መጻፍ ላልተፈቀደላት ወይም ላልደፈረች ልጅ፣ የልቧን የምታስቀምጥበት ሌላ ቦታ አልነበራትም።

ባለፈው ዓመት ሮተርዳም ውስጥ አንዲት እህታችን አረፈች። ስሟን አልጠቅስም። እዚሁ አገር የተወለደች አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት ያለቻት። የኪራይ ቤቱን በአጭር ቀን ማስረከብ ስለነበረባት ሦስት ሆነን ልናግዛት ሄድን። ስንደርስ አራት ትላልቅ ከረጢቶች ታስረው በር ላይ ተቀምጠዋል። "እነዚህ ወዴት ናቸው?" አልኳት። "ክሪንግሎፕ" አለችኝ። ክሪንግሎፕ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ መሆኑን እዚህ ያለነው እናውቀዋለን፤ ስንቶቻችንስ የመጀመሪያውን ወንበራችንን ከዚያ አይደል የገዛን!

ከረጢቱን ፈታነው። ሁለት ጋቢ፣ የሐበሻ ቀሚስ ከነመቀነቱ፣ ዳንቴሎች፣ ከሥር ደግሞ አንድ ያረጀ የትራስ ልብስ። ሁለት ወፎች ተጠልፈውበታል። ጥጉ ላይ በቀይ ክር "ደ" የሚል ፊደል አለ፣ ከሥሩም "1970" ይላል።

ልጅቱ ቁጥሩን አይታ "ይሄ እንኳ የእማዬ አይደለም፤ በ1970 እኮ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች" አለች። እኛ ሦስታችን ተያየን። የኛ 1970 መሆኑን፣ በፈረንጁ ከ1977 እስከ 1978 ያለው መሆኑን፣ ያኔ እናትሽ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ እንደነበረች፣ ዘመኑም የቀይ ሽብር እንደነበረ ነገርናት። ቁጭ አለች። ከዚያም "ደ ማን ነው?" አለችን። ደረጀ ነው? ደምሴ ነው? ደስታ ነው? ወንድም ነው፣ እጮኛ ነው፣ ጓደኛ ነው? እኛም አናውቅም። የምታውቀው አንድዋ ሴት ከመሬት ውስጥ ናት። ከአርባ ዓመት በላይ፣ ከአገር አገር፣ ከካምፕ ካምፕ ይዛው የዞረችው ሰው አንድ ፊደል ሆኖ ቀረ።

ውድ አንባብያን፣ ይህንን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ "ደ" ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው። የዚያች ልጅ ነገር እንዳይደገም ካሁኑ ልናገር ብዬ ነው።

አሁን ወደ አምስተርዳም ልውሰዳችሁ። የጎረቤቶቻችን የሆላንዶች እናቶች ይህንኑ ችግር እንዴት እንደተወጡት ማየት ያስፈልጋል። በናዚ ወረራ ዘመን ሚስ ቧስቫን የምትባል ሴት ነበረች (ሚስ የራሷ ስም ነው፣ ማዕረግ አይደለም)። ቤቷ አምስተርዳም ኮሬሊ መንገድ ላይ ነበር፤ ልጆቿም በዚያ ቤት የተሰየመ የተቃውሞ ቡድን ውስጥ ነበሩ። በ1943 ተያዙ። ያን ካረልና ጌዲዮን የተባሉት ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ኦክቶበር 1 ቀን 1943 ተረሸኑ። ባሏ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ሞተ። እሷ ራሷ ራቨንስብሩክ ከሚባለው የሴቶች ማጎሪያ በሕይወት ወጣች።

አምስተርዳም እስር ቤት በነበረችበት ጊዜ ዘመዶቿና ጓደኞቿ አንድ የአንገት ልብስ በስውር አስገቡላት። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከምታውቀው ልብስ የተቆረጠ ነበር። እስር ክፍሏ ውስጥ ሆና ቁራጩን እየነካች ሰዎቿን ታስታውስ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ያንን አስታውሳ ለሆላንድ ሴቶች አንድ ሐሳብ አቀረበች፤ እያንዳንዷ ሴት ከቤተሰቧ ልብስ ቁርጥራጭ አንድ ጉርድ ትስፋ፣ ጠርዙን በሦስት ማዕዘን ጨርቆች ትክበበው፣ ከፊት በኩል ባለው ላይም የነፃነቱን ቀን ሜይ 5 ቀን 1945ን ትጥለፍበት። ከዚያ በኋላ የሚመጡ የበዓልና የቤተሰብ ቀኖችን ደግሞ እየጨመረችበት ትሄዳለች።

ይህንን ልብስ "ናሽናለ ፌስትሮክ" ይሉታል፤ ብሔራዊ የበዓል ጉርድ ማለት ነው። ከአራት ሺህ በላይ የሚሆኑት ቁጥር ተሰጥቷቸው ተመዝግበዋል። ልብ በሉ፤ ተመዝግበዋል! በ1948 የንግሥት ዊልሄልሚና የ50 ዓመት ንግሥና ሲከበር ከአንድ ሺህ በላይ ሴቶች ለብሰውት ተሰልፈዋል። አምስተርዳም የሚገኘው የተቃውሞ ትግል ሙዚየም፣ ፌርዜትስሙዚየም የሚሉት፣ ከነዚህ ጉርዶች ጥቂቶቹን ይዟል። ሄዳችሁ እዩ። ልጆቻችሁንም ውሰዱ።

የገረመኝ ጥበቡ አይደለም። በጥበቡ ብንወዳደር የኛ እናቶች ያስከነዷቸዋል። የገረመኝ የነፃነቱን ቀን ጨርቁ ላይ መጥለፋቸው ነው። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ያየችው ልጅ "ይሄ የመቼ ነው?" ብላ አትጠይቅም።

ኳስም አለበት ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። በ1978 የዓለም ዋንጫ አርጀንቲና ላይ ተካሄደ። ሆላንድ ለፍጻሜ ደርሳ 3 ለ 1 ተሸነፈች፤ ሆላንዶች እስከዛሬ ያማቸዋል። ውድድሩ በተከፈተበት ዕለት፣ ጁን 1፣ ዓለም ሁሉ ስታዲየሙን ሲያይ፣ የሆላንድ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ቦይነስ አይረስ ወደሚገኘው የሜይ አደባባይ ሄደው የቆሙ እናቶችን አነጋገሩ። ወታደራዊው መንግሥት ልጆቻቸውን የሰወረባቸው እናቶች ናቸው። መለያቸው ነጭ የራስ ሻሽ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ነበር ያሰሩት። በኋላ ሻሹ ላይ የልጃቸውን ስምና የተሰወረበትን ቀን ጠለፉበት። እዚህ ሆላንድ ደግሞ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ባለቤት ሊዝቤት ዴን ኡይል ሴቶችን አስተባብራ ገንዘብ አሰባሰበች፤ እናቶቹም ቤት ገዙበት።

1978 መሆኑን ልብ አላችሁ? የኛ 1970 ነው። የአርጀንቲና እናቶች ሻሽ አስረው በሚዞሩበት በዚያው ዓመት፣ የኛ እናቶች ልጃቸው መንገድ ላይ ወድቆ እያዩ እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ አሉ። ነጠላዋን ወደ ላይ አድርጋ "ሐዘን ላይ ነኝ" ማለት ለምታውቅ እናት፣ ያ ቋንቋ ራሱ ተነጠቀ። ታዲያ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የትራስ ልብስ ጥግ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ብትጠልፍ ምን ይገርማል? ሙሉ ስም መጻፍ ያስገድል ነበራ!

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የአርጀንቲና እናቶችና አያቶች ጩኸት ካፈራቸው ነገሮች አንዱ በ1984 የተቋቋመው የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ነው፤ ከጅምላ መቃብር አጽም አውጥቶ ማንነቱን የሚለይ የባለሙያዎች ስብስብ ነው። ይህ ቡድን በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ መጥቶ የቀይ ሽብር ሰለባዎችን መቃብር በመቆፈር ሥራ ረድቷል። እንዲህ ባለው ሥራ ከአጽሙ ጋር የሚወጣ የልብስ ቁራጭ ትልቅ ምስክር ነው። በ2010 መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው፣ ከፎቶግራፎቹ ጋር የተሰቀሉትን ልብሶች አይረሳቸውም።

ጨርቅ ምስክር ነው ካልኩ፣ እኛ ዘ ሄግ የምንላት ዴን ሃግ መሄዳችን አይቀርም። የምስክርና የፍርድ ከተማ ናትና። ዲሴምበር 15 ቀን 2017 የዴን ሃግ ፍርድ ቤት በ1978 ጎጃም ውስጥ በተፈጸመ የጦር ወንጀል እሸቱ ዓለሙን ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ከተፈረደበት ወንጀል አንዱ ደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገደሉት 75 እስረኞች ጉዳይ ነው። በ2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አጸና። ከግድያው እስከ ፍርዱ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ማለፉ ነው። ያንን ያህል ዘመን ነገሩን ያቆየው የሰዎች ትዝታ፣ የተረፈ ወረቀትና ያልተጣለ ነገር ነው።

እዚያው ዴን ሃግ የስሬብሬኒጻ እናቶችም መጥተዋል። በ1995 በተባበሩት መንግሥታት ስም የቆሙት የሆላንድ ወታደሮች ባሉበት ከተማዋ ተይዛ፣ ከ8,000 በላይ ወንዶችና ወጣቶች ተገደሉ። የተረፉት ሴቶች ቱዝላ ከተማ ውስጥ በየወሩ በ11ኛው ቀን ይሰለፉ ነበር። ምን ይዘው መሰላችሁ? የትራስ ልብስ! የጠፋው ሰው ስም የተጠለፈበት የትራስ ልብስ ነው። የሆላንድን መንግሥት ከሰው ለዓመታት ተከራከሩ፤ በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለ350 ያህል ወንዶች ጉዳት መንግሥት አሥር በመቶ ኃላፊ ነው አለ። አሥር በመቶ! እናቶቹ ተቆጥተዋል፣ እውነታቸውን ነው። ግን ስሞቹ አልጠፉም።

የትራስ ልብስ ሲነሣ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት እዚሁ አገር አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር። አንዲት ጥገኝነት ጠያቂ እህት "መታሰርሽን የሚያሳይ ማስረጃ አለሽ?" ተባለች። ከቦርሳዋ አንድ የተጣጠፈ የትራስ ልብስ አወጣች፤ ከርቸሌ ውስጥ የጠለፈችው ነው። ጠያቂው ገልበጥ አድርጎ አየና "ቆንጆ ነው፤ ወረቀት ግን የለሽም?" አላት። ተረጎምኩላት። መልሳ አጣጥፋ ከተተችው። ይህንን የጻፍኩት በፈቃዷ ነው። እንዴት ያለ አገር ነው ብዬ ለመክሰስ አይደለም፤ እሱ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ጨርቁም ላይ ቀንና ቦታ አልተጻፈበትም። አንድ መስመር፣ "ከርቸሌ" የሚል ቃልና ዓመተ ምሕረት ቢኖርበት ኖሮ ቢያንስ "ይሄ ምን ይላል?" ብሎ በጠየቀ ነበር።

የስም ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ከታሪካችን አንድ ልጨምር። ኤፕሪል 1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲዘርፉ ከወሰዱት መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ ይገኝበታል። እሷ ራሷ በወሩ በመንገድ ላይ አረፈች፤ ልጇ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 ሞተ። ቀሚሱ ግን ዛሬም ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ። ነጭ የጥጥ ቀሚስ ነው፣ በሐር ክር የተጠለፈ። በ1869 መዝገብ ሲገባ የባለቤቲቱ ስም አብሮ ስለገባ የማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ይመለስልን ብለንም መጠየቅ እንችላለን። የጠለፈው እጅ የማን ነበር? የፈተለችውስ? መዝገቡ አይልም። እቴጌ ስለሆነች ስሟ ተረፈ፤ ሠራተኛዋ ጠፋች። በየሙዚየሙ ያለው የሴት ሥራ ዕጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ። "በእናቴ ጋቢ ላይ መርፌ አላስነካም፣ ቅርስ ይበላሻል" የሚሉ አሉ። እውነት አላችሁ። ጋቢው ላይ አትጥለፉ፤ በትንሽ አቡጀዲ ላይ ጠልፋችሁ ጠርዙ ላይ በሁለት ሦስት ስፌት ብቻ አያይዙት። አንዲት ወዳጄ ደግሞ "ቁስል መነካካት ነው፤ ልጆቼ ሐዘኔን እንዲወርሱ አልፈልግም" አለችኝ። ይህንን በቀላሉ አላልፈውም። ማንም ያልፈለገውን እንዲናገር አይገደድም፤ ዝም ማለትም መብት ነው። ነገር ግን ልጆቻችን ሐዘናችንን ያለ ስም ወርሰውታል። ለምን ሌሊት እንደምንባንን፣ ለምን ደወል ሲደወል እንደምንደነግጥ ያያሉ። ስም የተሰጠው ሐዘን ይከብዳል እንጂ አያስፈራም። ደግሞስ ሐዘን ብቻ ነው እንዴ ያለን? የሠርግ ቀን አለ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የተገኘበት ቀን አለ፣ የመጀመሪያው ልጅ የተወለደበት ቀን አለ። እነዚህም ይጠለፉ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። በመጀመሪያ፣ ያላችሁን ጨርቅ አውጡና በእያንዳንዱ ላይ አራት ጥያቄ ጠይቁ፤ ማን ፈተለው? ማን ሸመነው ወይም ጠለፈው? የት? መቼ? እናታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬውኑ ስልክ ደውሉ፣ ለነገ አትበሉ። ሸማኔውንም አትርሱ፤ ስንት ዘመን በሙያው ሲናቅ የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ዓመቱን ስትጽፉ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ማለትን አትዘንጉ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት የሰው ሕይወት ያዛባል። ሦስተኛ፣ ስሙን በፊደላችንም በላቲንም ጥለፉት፤ የልጅ ልጆቻችሁ የቱን እንደሚያነቡ አታውቁምና። አራተኛ፣ ቀለሙ የማይለቅ የጥጥ ክር ተጠቀሙ። አምስተርዳም ቬስተርስትራት ላይ ሰኞ ሰኞ የሚቆመው የጨርቅ ገበያ፣ ዴን ሃግ ደግሞ ትልቁ ገበያ አለላችሁ። ላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ይሻግታል፤ በንጹሕ የጥጥ አንሶላ ጠቅልሉት። አምስተኛ፣ ፎቶ አንሡና ታሪኩን በድምፅ ቅዱት።

ይህንን ደግሞ ለብቻችሁ አታድርጉት። በሦስቱም ከተሞች በየማኅበሩ፣ በየዕድሩ፣ በየቡናው እንሰበሰባለን። አንዱን ቡና ለዚህ ስጡት፤ እያንዳንዷ አንድ ጨርቅ ይዛ ትምጣና ታሪኩን ትናገር፣ ልጆቹም መርፌ ይያዙ። ወንዶችም ኑ! መርፌ እጅ አይቆርጥም። የላከላችሁን እናት ስም መጥለፍ ያሳፍራል የሚል ካለ ይንገረኝ።

የሮተርዳሟ ልጅ ከረጢቶቹን ወደ ክሪንግሎፕ አልወሰደችም። የትራስ ልብሱንም እንደነበረ ተወችው፤ "ደ" ላይ ያልታወቀ ስም መጨመር አልፈለገችም፣ ልክ ናት። በሌላ ጨርቅ ላይ ግን የእናቷን ሙሉ ስም፣ የተወለደችበትንና ያረፈችበትን ዓመት፣ "አዲስ አበባ" እና "ሮተርዳም" ብላ መጥለፍ ጀምራለች። ፊደሏ ይወላገዳል። "መ"ን ገልብጣ ነው የምትጠልፈው። ማንም አላረማትም።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይባል የለ? እስኪ ድሩን ከነስሙ እናድርገው። በየቤታችሁ ያለ ሌላ "ደ" ካለ፣ ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።